ከዕውቀት እግር ሥር ያለው ፊት

ይድረስ በባቱ ሐይቅ ዳር ለሚኖሩት ለውድ አባቴ ለአቶ ኦሊቃ።

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ክረምቱን ከጀልባ ሲወርዱ ይቆረጥምዎ የነበረው ነገር ፀሐይ ሲወጣ ለቀቀዎት ወይስ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ? መረብዎስ? ቆሮሶ ዓሣ ይይዛል ወይስ ያው አምባዛ ብቻ ነው የሚገባበት? እማዬስ እንደምን ናት፣ ያ ሲያንገላታት የነበረው ጥርስ ተነቀለ? የጎረቤቱ ውሻ አሁንም እርስዎን እየሸኘ እስከ ውኃው ይወርዳል? ስለ ውሻው ሳይቀር የምጠይቀው ዋናውን ነገር ለማዘግየት መሆኑን ያውቁብኛል። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ጤናዬ ደህና ነው። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ይላል። እኔ ከናፍቆትና ከሐፍረት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱስ ይቻላል።

እህቴ ሜቲ፣ ይህን ለአባዬ የምታነቢው አንቺ ነሽና ጥቂት ቃል ላንቺ። ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፣ እንደ ክፍል ምንባብም አትሩጪበት። አባዬን ያስከፋል ብለሽ የምትዘይው መስመር አይኑር፤ እኔ ስጽፈው አልዘለልኩትም። የእጅ ጽሑፌን መሳደብ ከፈለግሽ ስትጨርሺ ለብቻሽ ተሳደቢ፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ከዚህ የተሻለ አይጽፍም። መሳቅም ትችያለሽ፤ ግን አባዬ ሳይስቁ አትሳቂ።

አባዬ፣ ስደውል አያነሱም። ሜቲ አንስታ ሐይቅ ሄደዋል ትለኛለች፣ ከኋላዋ ግን ሳልዎን እሰማለሁ። አልፈርድብዎትም። ቢያነሱም እኮ ጉዱ የኔ ነው፤ ስልክ ላይ ምላሴ ይቀድመኛል። ልቤ ይቅርታ ሊል ሲነሳ ምላሴ ቀልዱን ይዞ በር ላይ ይጠብቀዋል። ወረቀት ላይ ግን እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ቀልዱ እስኪጻፍ ይበርዳል። ጎረቤታችን ኑሬ ለጋሪው ጎማ ሊገዛ አዳማ መጥቶ ስላገኘሁት በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። እርስዎ አዳማ የመጡ ቀን ከኔ ጋር አብሮ ያፈረ እሱ ስለሆነ ይህንንም እሱ ቢያደርስልኝ ይሻላል ብዬ ነው።

እርስዎ መጥተው ያዩት መጨረሻውን ነው። መጀመሪያውን አልነገርኩዎትም።

ጌታዬን ጋሽ ንዋይን ያውቋቸዋል፣ ከድንጋይ ፈላጭነት አንስተው መሮ ያስያዙኝን ቀራጺ። እዚህ አዳማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለመግቢያ በሩ ሐውልት ያዘዛቸው የዛሬ ዓመት ነው። የሰው ሐውልት አይደለም የታዘዘው፣ የሐሳብ ነው። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም፤ ሐሳብ እንዴት ድንጋይ ይሆናል ብዬ ሳፌዝ ጋሽ ንዋይ አስቀመጡኝና፣ ዕውቀት በመንገድ ብታልፍ ምን ትመስላለች፣ ትጋትስ ቢታመም የት ያመዋል እያሉ ጠየቁኝ። ትጋትን ወገቡን ያመዋል አልኩ። በል ተረድተሃል አሉኝ። እንዲህ ሆኖ በበሩ ቀኝ ዕውቀት ቆመች፣ ፋኖስ ከፍ አድርጋ የያዘች ሴት፣ ቁመቷ የሰው እጥፍ። በግራ በኩል ትጋት ወገቡን ይዞ ቀና ሲል። ከዕውቀት እግር ሥር ደግሞ ድንቁርና፣ ተንበርክኮ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ። አንድ እግሯ ጀርባው ላይ ነው።

ጋሽ ንዋይ ድንቁርናን ለኔ ሰጡኝና አንድ ነገር አዘዙ። ፊት አትሥራለት፣ ጋቢ አከናንበው አሉ። ለምን ብላቸው፣ በዚህ በር ስንት ዓይነት ሰው ልጁን ይዞ ይገባል፣ አንዱም ሰው ይሄ እኔን ይመስላል ብሎ አንገቱን እንዳይደፋ አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ሊታከሙ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሄዱ። ድመት በሌለበት እንደሚባለው ሆነ።

አባዬ፣ አንድ ቀልድ አለኝ፣ ያውቁታል። ትምህርት ቤት ሳለሁ በዳይሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ ከመረብዎ የሰረቅሁትን አምባዛ ከነነፍሱ ጨመርኩ። አምባዛ ደግሞ ከውኃ ወጥቶ ቶሎ አይሞትም። መሳቢያው ሲከፈት የሆነውን ባቱ ሁሉ ያውቀዋል። ወላጅ አምጣ ተባልኩ፣ እርስዎ ባርኔጣዎን በእጅዎ ይዘው መጡ፣ ለመኑልኝ፣ ወረቀት ቀረበልዎትና አውራ ጣትዎን ቀለም ነክረው ተጫኑበት። ወረቀቱ የይቅርታ መስሎዎት ነበር። የመባረሬ ወረቀት ነበር። እኔም ይሄው ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አባቴ በገዛ አውራ ጣቱ አባረረኝ እያልኩ በየሄድኩበት ሰው አስቃለሁ። እርስዎም ባሉበት ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። አብረው ይስቁ ነበር። እየሳቁ ግን አውራ ጣትዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑ እንደነበር አሁን ነው ያስተዋልኩት።

ይህንኑ ቀልድ ለሥራ ባልደረባዬ ለአብደላ ነገርኩት። የወለንጪቲ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም፣ እንደኔ ሥራ ሲያጣ አፉን የሚያሠራ። ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ ታዲያ ድንቁርና ፊት አጥቶ ለምን ጋቢ ይከናነባል፣ የአባትህን አትቀርጽለትም አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔም ለቀልድ ነው የጀመርኩት። ጋሽ ንዋይ ሳይመለሱ አከናንበዋለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን መሮው ሲነካው ድንጋዩ እንደ ቅቤ ታዘዘኝ። ፎቶ አላየሁም፣ ንድፍ አላወጣሁም። ከሐይቁ ነጸብራቅ የተነሳ ሁልጊዜ ጨፈን የሚለውን ግራ ዓይንዎን፣ ጉማሬ ጀልባውን የገለበጠብዎ ጊዜ ቅንድብዎ ላይ የቀረችውን ጠባሳ፣ መረብ ሲቋጥሩ የሚነክሱትን ከንፈር፣ ሁሉን እጄ ያውቀው ኖሯል። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት ነገር የለም። ሲያልቅ ደግሞ ለመሸፈን ሳሳሁ። እውነቱ ይሄ ነው፤ ቀልዱ አልነበረም ያቆየው፣ ስስቱ ነው።

ጋሽ ንዋይ ዓይናቸው በርቶ ተመለሱና ከድንቁርና ፊት ለፊት ቁጭ ብለው አተኩረው አዩት። ይሄ ሰውዬ ማን ነው አሉኝ። ማንም አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው አልኩ። ዝም ተብሎ እንዲህ አይሠራም አሉ። ከዚያ፣ እጅህ ደርሷል ልብህ ገና ነው ብለው፣ የጋቢውን ነገር ለኔው ትተውት ተነሱ። እኔ የሰማሁት እጅህ ደርሷል የሚለውን ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች እያዩ ያደንቃሉ፣ ተማሪዎቹ አጠገቡ እየቆሙ ፎቶ ይነሳሉ፣ እኔ እንደ አውራ ዶሮ ደረቴን ነፍቼ አልፋለሁ። ለሜቲ ደውዬ በሩ ላይ ያለውን ሐውልት እኔ ነኝ የሠራሁት ያልኩትም ያን ሰሞን ነው። የትኛውን እንደሆነ አልነገርኳትም። ባቱ ሩቅ መሰለኝ፣ እርስዎም ከሐይቁ የማይነቀሉ መሰለኝ።

እርስዎ ግን መጡ። ለሰርግ ብቻ የምትወጣዋን ኮት ለብሰው፣ ለጋሽ ንዋይ ቆሮሶ በኬሻ ጠቅልለው፣ የልጄን ሥራ አብረኸኝ እይ ብለው ኑሬን አስከትለው። እኔ የዕውቀትን ፋኖስ ልሞርድ መወጣጫው ላይ ነበርኩ። ከላይ ባርኔጣዎን አየሁና መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ከሥሬ ያለው ፊት ትዝ አለኝ። አብደላ አላወቀዎትም። እንግዳ ሲመጣ ማስረዳት ይወዳል፤ አባባ፣ ይቺ ዕውቀት ናት፣ ያ ማዶ ያለው ትጋት ነው እያለ አዞረዎት። እርስዎም ይሄ የተንበረከከውስ አሉት። እሱማ ድንቁርና ነው፣ ማንበብ እንቢ ያለ ሰው ነው አለዎት። ይህን ብሎ ቀና ሲል ጠባሳዎን አየ፣ ወደ ድንጋዩ ዞረ፣ ወደ እርስዎ ዞረ፣ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

እርስዎ ባርኔጣዎን አወለቁ። ዝቅ ብለው የድንጋዩን ቅንድብ ነኩ፣ ቀጥሎ የራስዎን። እኔ ወርጄ አጠገብዎ ስደርስ፣ እንደ ልማድዎ ኢልመኮ፣ ልጄ ብለው አልጠሩኝም። ኪሩቤል አሉኝ፣ ክርስትና የተነሳሁ ቀን እንደተጠራሁት። ኪሩቤል፣ አፍንጫው ደህና ወጥቶልሃል አሉኝ። ሌላ ምንም። ያኔ እግርዎ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ይህ የተረገመ ምላሴ ግን ቀደመኝና፣ ምን ይደረግ አባዬ፣ ቢያንስ ዩኒቨርሲቲ ገቡ አልኩዎት።

ሜቲ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆይተሽ ቀጥይ።

እርስዎ ፈገግ አሉ። እንደ ድሮው ሁሉ ለቀልዴ ፈገግታ አላሳጡኝም። ቆሮሶውን ለአብደላ ሰጥተው፣ ምሳ ሳይቀምሱ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። አብደላ ያን ዓሣ ሊበላ አልቻለም። እኔም አልቻልኩም። ጋሽ ንዋይ ጠብሰው ከፊታችን አስቀምጠው፣ ብሉ፣ የእንግዳ እጅ አይመለስም ብለው አስገደዱን። እንደዚያ የመረረ ዓሣ በልቼ አላውቅም።

በመንገድ የሆነውን ኑሬ ከሁለት ሳምንት በፊት በስልክ ነገረኝ። መቂ ላይ መኪናው ሲቆም፣ ኑሬ፣ ሜቲ ትምህርቷን ስትጨርስ በዚያ በር ብትገባ ምን ትላለች ብለው ጠየቁት። ኑሬም ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ባቱ ደርሰው ደግሞ ዳር ላይ ያሉት ዓሣ አስጋሪዎች ምን አየህ ሲሉዎት፣ ልጄ የሠራው ሴትዮዋን ነው፣ ፋኖስ የያዘችውን፣ ብታዩዋት ትንፋሽ ያላት ትመስላለች አሉ። አባዬ፣ ዋሽተው የማያውቁ ሰው ለኔ ብለው ዋሹ። በቁጣ ቢመቱኝ ኖሮ ሳምንት አሞኝ ይተወኝ ነበር። ይሄኛው ግን አልተወኝም።

ኑሬ ይህን ሲነግረኝ አብደላ አጠገቤ ሆኖ ይሰማ ነበር። ሲያስብ ሲያስብ ቆይቶ መላ አገኘሁ አለ። ከሐውልቱ ሥር የሚለጠፈው የነሐስ ጽሑፍ ገና አልመጣም፤ ድንቁርና የሚለውን ትዕግሥት ብለን እናስቀይረው፣ ያኔ አባትህ የተረገጠ መሆኑ ይቀርና የዕውቀት መሠረት ይሆናል አለኝ። ዓይኔ በርቶ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ስልክ አንስቼ ተሳስተው ነው እኮ አባዬ ልልዎ ሁሉ ነበር። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ታየኝ። እርስዎ ያንን ጽሑፍ አያነቡትም። እኔ የነገርኩዎትን ያምናሉ። ማንበብ የማይችል ሰው ፊት ወረቀት አስቀምጦ ሌላ ነው ማለት ከዚህ በፊትም ተደርጎብዎታል።

አሁን ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። ይሄኛውን ሜቲም አታውቀውም፣ እማዬም አታውቀውም።

ዳይሬክተሩ ያንን ወረቀት ሲያቀርብልዎት እኔ በስተቀኝዎ ቆሜ ነበር። አንብቤዋለሁ። ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ተሰናብቷል የሚለው ቃል ከመሃሉ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ትምህርቱ ሰልችቶኝ ነበር፣ ፈተናም ደርሶ ነበር፣ እርስዎም በዚያ ትልቅ አውራ ጣት ቀለሙን እየፈለጉ ሲዳብሱ አሳቀኝ። አባዬ ቆይ ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበረች። አላልኩም። እርስዎ እስከ ዛሬ ድረስ ልጄን በድንቁርናዬ አስቀረሁት ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ለእማዬ ሲነግሯት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያኔም ዝም አልኩ። እንዲያውም በማግሥቱ ያንኑ ቀልድ አወራሁት። ያላነበበው ሰው ስድስት ዓመት ሲወቀስ ያነበበው ሰው ሲያስቅበት ኖረ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጆሮውን ደፍኖ የቆመ ሰው ነበረ፣ እርስዎ ግን አልነበሩም።

ይህን ሁሉ ለጋሽ ንዋይ ተናዘዝኩና ፊቱን ላንሳው አልኳቸው። ድንጋይ የተቀነሰለትን አይመልስም፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አሉኝ። ነኝ አልኩ። መዶሻውን ሰጡኝ። አባዬ፣ መሮውን ግንባርዎ ላይ ደግኜ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የበደሌን ልሽር ብዬ የአባቴን ፊት በመዶሻ ልመታ ነው? ተማሪዎች ቆመው ያያሉ፣ እኔ እንደ ሞኝ መዶሻ አንስቼ ቀርቻለሁ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ንዋይ ከጆሮው ጀርባ ሂድ አሉኝ። ከኋላ ዞሬ ከጆሮው በኩል ሽብልቅ እያስገባሁ፣ ትንሽ ትንሽ እያንኳኳሁ፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀሁ። ፊቱ ሳይፈርስ እንደ ሰሌዳ ተላቆ እጄ ላይ ወደቀ። ቅንድቡ ላይ፣ ከጠባሳዋ በኩል ብቻ ተሰነጠቀ። አብደላ እንግዲህ ያንተን ፊት ቅረጽበት አለኝ። ጋሽ ንዋይ ደግሞ የሱን ፊት በየቀኑ እናየው የለም እንዴ፣ ተማሪው ምን በደለ አሉ። በቀረው ድንጋይ መጀመሪያ እንዳዘዙኝ ጋቢ አከናነብኩት። ሥራው ደካማ ነው። የዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ አይቶ ያ ሸጋ ፊት የት ሄደ ብሎ አዝኗል። ኅዳር ላይ ሲመረቅ በሩ ላይ የኔ የሚባል የሚያኮራ ነገር የለም። ሜቲ ግን በዚያ በር ስትገባ ማንንም አታይም።

ፊቱን አልጣልኩትም። ክብደቱ ከአንድ ጀሪካን ውኃ ትንሽ ይበልጣል። የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። አሁን አሁን ሰው ጠጠር የምታህል አንስቶ ለይስሙላ ትከሻው ላይ ጣል እያደረገ ይመጣል። እኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአስፋልቱ ወርጄ፣ ዓሣ የሚራገፍበትን ዳር አቋርጬ፣ እስከ ደጃፍዎ በእግሬ ይዤው እመጣለሁ። ያን ያህል ሰው ፊት ስሄድ ደግሞ ይሄ ልጅ ምን ተንኮል አመጣ ብለው መሳቃቸው አይቀርም። ይሳቁ። ሽማግሌ አልላክሁም፤ ሽማግሌ ከመጣ እርስዎ አክብረውት ሳይወዱ ይቅር ይሉኛል፣ ያንን አልፈልግም። እርስዎ አውርድ እስኪሉኝ አላወርደውም። ካላሉኝም ይዤው እመለሳለሁ። ካወረድኩት ደግሞ የጀልባዎ ማሰሪያ ያድርጉት፣ ወይ እማዬ ልብስ ትጠብበት። አዩ፣ ምላሴ መጣ። እንዳልሰማ ይለፉት።

ለእናቴ ለወይዘሮ መሰለች ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ የሠራሁትን ሁሉ አሁን ከሜቲ አፍ ሰምታለችና ትቆጣኝ፣ ግን እኔ እዚያ እስክደርስ ቁጣዋን ታቆይልኝ። ሜቲ፣ አንቺን ሳልሰድብሽ ሰላም የምልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንቺ በደንብ አንብቢ፣ በፊትሽ የሚቀርበውን ወረቀት ሁሉ አንብቢ፣ አንብበሽም ዝም አትበይ። ለኑሬና ለባለቤቱ፣ ዳር ላይ ላሉት አስጋሪዎች፣ እስከ ውኃው ለሚሸኝዎ ውሻ ሳይቀር ሰላምታዬ ይድረስ። ጋሽ ንዋይ ዓሣው ጣፋጭ ነበር ብለዋል። አብደላም ይቅርታ ይላል፣ ምንም አላጠፋም።

አዳማ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣ ስሜን አልፈረምኩም። የአብደላን እስክሪብቶ ሰብሬ ከቀለሙ አውራ ጣቴን ነክሬ ከሥር ተጫንኩበት። ሜቲ፣ እዚህ ላይ ማንበብሽን አቁሚና ወረቀቱን ለአባዬ ስጪ። ይቺን እሳቸው ራሳቸው ያነቧታል።